ከጋሪው ጎን የተንጠለጠለው ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ምነው አንድ ጊዜ ብቻ በሆነና በተገላገልን፣ አያ ጅቦ ጭነት እንዲያስር ተቀጠረ። ጅብ! ቆዳ ሲያይ ምራቁ የሚዝረከረክ ጅብ፣ በቆዳ ጠፍር ጭነት እንዲያስር! ማን ቀጠረው ብትሉኝ፣ እመት ቀበሮ ናት። ብልጥ ነኝ ባይዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አህያ ለዘር ያስቀመጠችው ሁለት ጆንያ ገብስ ነበራት። ያላት እሱ ብቻ ነው። ዘሩ ዝናቡ ሳያልፍ ከወንዝ ማዶ ካለው ማሳዋ ካልደረሰ ሁለቱ ውርንጭሎቿ ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም። ጋሪው የቀበሮ ነው፤ ጎታቿ ራሷ አህያ ናት። የቀረው ጭነቱን የሚያስር ጉልበተኛ ነበር።

«አስረህ የተረፈው ጠፍር ያንተ ነው» አለችው ቀበሮ አያ ጅቦን። ጠፍሩ ለጭነቱ ልክ ስለሆነ ቢተርፍ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ብላ አስባለች። ሥራውን በነፃ ልታሠራው ነው እንግዲህ!

አያ ጅቦ ለሌላው ነገር ደነዝ ነው፤ ለሆዱ ሲሆን ግን ነቃ ይላል። አራት ጊዜ መጠምጠም የነበረበትን ጠፍር ሁለት ጊዜ ብቻ ጠመጠመና ቋጠረው። ቋጠሮውስ ጠንካራ ነበር፣ አልዋሽም። የተረፈው ጫፍ ግን ከጋሪው ጎን ወርዶ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጋሪው ላይ የተጠመደችው አህያ አንገቷን አዙራ ስታይ ደሟ ፈላ።

«አያ ጅቦ፣ ያ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጠቅልለህ ሸጉጠው እንጂ! ጎማ ውስጥ ይገባል።»

«ምን አስጨነቀሽ? ቋጠሮው አይፈታም። ጎትቼ አይቼዋለሁ።»

«ስለ ቋጠሮው ማን ጠየቀህ? ስለ ጫፉ ነው የማወራው!»

«ከሸጎጥኩትማ እንዴት እደርስበታለሁ?»

«ደርሰህ ምን ልታደርገው?»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ።

«እመት ቀበሮ፣ አንቺ እንኳን ንገሪው!» አለች አህያ።

ቀበሮ ጆንያው ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ጫፉ መርዘሙን አይታለች፤ ነገር ግን አፏን ብትከፍት ጅቡ ሌላ ደመወዝ እንዳይጠይቃት ፈራች። «ወይ አንቺ! ነገር ማብዛት ትወጃለሽ። ደመናው ሲመጣ አታዪም? በይ ተንቀሳቀሺ!» አለቻት። አህያ ምን ታድርግ? ተጠምዳለች። ሄደች።

ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ፣ ከጎማው አጠገብ ይሄድ የነበረው አያ ጅቦ አላስችል አለው። የጠፍሩን ጫፍ ጎርሶ ያኝክ ጀመር።

«ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?» አለች አህያ።

«ምሳ» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

«ኧረ በፈጣሪ ልቀቀው!»

«ደመወዜን?»

ይሄን ሲል ጎማው ድንጋይ ዘለለ፤ የላላው ጠፍርም ሾልኮ ከጎማውና ከዘንጉ መሀል ገባ። ከዚያማ ጎማው በዞረ ቁጥር ጠፍሩን ይጠቀልላል፤ አያ ጅቦ ደግሞ ምግቡን ሊነጥቁት የመጡ መስሎት ጥርሱን ነክሶ ይጎትታል። አንተ ሞኝ፣ ልቀቅ! አይለቅም እኮ! የለቀቀው አፍንጫው ከጎማው ጋር ሲጋጭ ነው። ያን ጊዜ ጎማው ታንቆ ቆሟል፣ ጋሪውም ወደ ወንዙ ዘሟል።

ቀበሮ ዘላ አመለጠች። ጆንያዎቹ ግን የታሰሩት በሁለት ዙር ብቻ ስለነበር ሾልከው ወረዱ። አንዱን ቁጥቋጦ ያዘው። ሌላው አለት ላይ ፈንድቶ ገብሱ በሙሉ ወንዝ ገባ። ጎርፉ ይዞት ሲሄድ ሦስቱም ቆመው አዩ።

«ቋጠሮው ግን አልተፈታም» አለ አያ ጅቦ አፍንጫውን እያሻሸ። እውነቱን ነው፤ አልተፈታም። እንዲህ ያለውን ምን ትሉታላችሁ?

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «አይዞሽ እትዬ አህያ፣ አንዱ እኮ ተርፏል። ግማሹ አለሽ ማለት ነው።»

አህያ አልጮኸችም፣ አልተራገጠችም። ዓይኗን ከወንዙ ሳታነሳ፣ «እሺ እመት ቀበሮ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የትኛውን ላስርብ?» አለቻት።

ቀበሮ ወርዳ የተረፈውን ጆንያ ከቁጥቋጦው ታላቅቅ ጀመር።

ከዚህ የምንማረው ጫፉ ተጠቅልሎ ያልተሸጎጠ ጭነት ገና እንዳልታሰረ፣ ሥራው ሲጎድል የሚጠቀምን ደግሞ ለዚያው ሥራ የቀጠረ ሰው ከጥፋቱ ነፃ ነኝ ሊል እንደማይችል ነው።