በገናው የሚገባው መቼ ነው?

አንዲት ወጣት ነበረች፤ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች። እንደ ልጆቻችሁ ናት፤ ስልኳ ከእጇ፣ ማዳመጫው ከጆሮዋ አይለይም። ሰሎሜ እንበላት። ኪቦርድ ትጫወታለች፤ በሠርግ ባንድ ውስጥ ሳይቀር ተጫውታለች። እንዲህ አትዩኝ፤ እናንተም እኮ ሠርግ ላይ ጨፍራችኋል።

ይህች ልጅ ታዲያ ሌላም ነገር ታውቃለች። በገና ትደረድራለች። ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ አቶ ጌጡ የሚባሉ ልብስ ሰፊ። ዓመቱን ሙሉ ሲሰፉ ይኖራሉ፤ የጾም ወራት ሲመጣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው በገናቸውን ያወርዳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አቶ ጌጡ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እናትየው አቧራውን ይጠርጋሉ እንጂ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

አንድ ቀን ሰሎሜ እናቷን ለመነች። አባቷ ይደረድሩት የነበረውን ዜማ ከኪቦርድና ከዘመኑ ምት ጋር አዋሕዳ ልትቀዳው ፈለገች። የእኔ ጓደኞችም ይስሙት፣ በገና የሽማግሌ ብቻ ሆኖ ለምን ይቀራል አለች። እናትየው አመነቱ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለቃ በገናውን ለልጆች ማስተማሪያ ጠይቀዋቸው ነበር፤ እሳቸውም እሰጣለሁ ለማለት ጥቂት ነበር የቀራቸው።

በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ውሰጂው። ቀድተሽ አምጪልኝ። የአባትሽን በገና ከሰማሁበት ያንቺ ይሁን። ካልሰማሁበት ለቤተ ክርስቲያን ይገባል።»

አያችሁ? ልጅቷ ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ሌላ የለም።

ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች፣ ግድግዳዋ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ የተለጠፈባት አንዲት ክፍል ናት። ሥራውን የሚያቀናብረው ሱራፌል የሚባል ወጣት ነው፤ መልካም ልጅ፣ ሥራውን የሚወድ። ሰሎሜ መደርደር ስትጀምር ማዳመጫውን አደረገ፤ ወዲያው ግንባሩን ቋጠረ። ይሄ የሚነዝረው ነገር ምንድን ነው፣ ኪቦርዱን እያደፈረሰብኝ ነው አላት።

በገና አጠገብ ተቀምጣችሁ ለማታውቁ ላስረዳችሁ። በገና ዐሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር ከታች በሚያርፍበት እንጨት ላይ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል፣ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዝራ ይሏታል። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን ይነካታል፣ ይነዝራል፤ ያ ሆድ የሚያባባው የበገና ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ቆዳዋ ቦታዋን ካልያዘች አይሆንም። በጣም ከገባች አውታሩን ታፍነዋለች፣ ከራቀች ደግሞ አትነካውም። እሷን ለማስተካከል ደርዳሪው ግማሽ ቀን ይቀመጣል።

ሱራፌል ይህን የት ያውቃል? በቃ አውጫቸው አላት።

ሰሎሜ ግን ታውቃለች። አባቷ እነዚያን ቆዳዎች በጥፍራቸው ጫፍ እየገፉ ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ነው ያደገችው። ታዲያ ለምን አወጣቻቸው? እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈረች። ኪቦርዱ ጥርት ብሎ ሲሰማ የአባቷ በገና አጠገቡ የገጠር እንግዳ መሰላት። ዐሥሩንም ቆዳ አንድ በአንድ ነቀለች፣ በሶፍት ጠቀለለችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ክፍሉን የጠረገ ሰው አብሮ ጠረገው።

ቅጂው ግን አማረ። ሱራፌል ተደሰተ። በሦስት ቀን ተጠናቀቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰሎሜ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለእናቷ ከፈተችላቸው። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት። ልጅቷ ፊታቸውን ታያለች። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም።

ከዚያ ቀና አሉና በትሕትና ጠየቁ፦ «ደስ ይላል ልጄ። በገናው የሚገባው መቼ ነው?»

ወገኖቼ፣ በገናው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ! ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው አላቋረጠም። ሠላሳ ዓመት የሰሙት ሴት ግን አልሰሙትም።

ሰሎሜ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ እማዬ አለች። እናትየው አላመኑም፤ እስቲ ድገሚልኝ አሉ። ደገመችላቸው። አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተነሥተው በገናውን ከማኅደሩ አወጡት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን አውታር በጣታቸው ነኩት። ድም ብሎ ዝም አለ።

«እንዝራዎቹስ?» አሉ።

«አወጣኋቸው። እየነኩ ይረብሹ ነበር።»

«እንዲነኩት እኮ ነው አባትሽ ያስገባቸው።»

ልጅቷ እዚያው አለቀሰች። ማመካኘት ትችል ነበር፤ ሱራፌል ነው ያለኝ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። አፍሬበት ነው እማዬ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስጪው፣ እኔ አይገባኝም አለች።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የባላቸውን አሮጌ የቆዳ ቀበቶ፣ በሌላው ያንን ትልቁን የልብስ ሰፊ መቀስ ይዘዋል። ቁጭ ብለው ከቀበቶው ጫፍ ዐሥር ቁራጭ ቆረጡ።

እሳቸው በገና መደርደር አያውቁም። ጆሯቸው ግን ያውቃል። ልጅቷ ቆዳዋን ታስገባለች፣ አውታሩን ትመታለች፣ እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አልደረሰም ይላሉ። ትንሽ ግፊው ይላሉ። አለፍሽው፣ ተመለሽ ይላሉ። አንዱ አውታር ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ምሳ ተረሳ። ዐሥረኛው ላይ ሲደርሱ ሰሎሜ አውታሮቹን አንድ ላይ ደረደረችና ቤቱ ነዘረ። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«መጣ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ እንባቸው ይወርድ ነበር።

በማግስቱ ሰሎሜ ሱራፌል ዘንድ ሄደች። መጀመሪያ በገናው ይቀዳ፣ ኪቦርዱ እሱን ይከተል አለችው። ትንሽ ተከራከራት። ከዚያ ኪቦርዱን ዝቅ አደረገ፣ ምቱንም አሳሳው፣ ለበገናው ቦታ ለቀቀለት። እንደገና ሲያዳምጡት ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ድምፁን ለክፍሉ ከፈተው።

እናትየው አዲሱን ቅጂ ሲሰሙ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆዩም። «ለአለቃ ንገሪያቸው፤ ሌላ በገና ይፈልጉ። ይሄኛው ሰው አለው።»

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ኪቦርድ ላወግዝ የመጣሁ መስሏችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። ኪቦርዱ እስከ መጨረሻው አለ። አዲሱ ከአሮጌው ጋር መቀመጡ አልነበረም ጥፋቱ። ጥፋቱ ልጅቷ ሰው ፊት ንጹሕ ሆና ለመሰማት የገዛ በገናዋን እንዝራ መንቀሏ ነው።

እናንተስ? የናንተ እንዝራ የት አለ?

አንተ መሥሪያ ቤት ስትገባ የማይሆን ወረቀት ላይ ስትፈርም እጅህን የሚይዝህ ነገር ነበረ። ሆድህ ውስጥ ይነዝር ነበር። አሁንስ ይነዝራል? ወይስ ባልደረቦችህ «አንተ ደግሞ አታካብድ» ሲሉህ አፈርክና ነቀልከው? አንቺ፣ ጎረቤትሽ ስትታማ ጨዋታውን ጥለሽ ትነሺ ነበር። እየቆየሽ ግን ጨዋታ አደፈረሰች እንዳትባዪ ተቀመጥሽ። ልጄ፣ አንተ ደግሞ ትምህርት ቤት ምሳህን ስታወጣ አማትበህ ነበር የምትበላው። አሁን እጅህ ከጠረጴዛው ሥር ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። የሚያምም ሁሉ እንዝራ አይደለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ካለች፣ እኔ «ቻዪው፣ ድምፅ ይወጣልሻል» አላልኩም። ያ አውታሩን የሚበጥስ ነው፤ እሱን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፣ ዝም አትበሉ። እንዝራ የሚባለው አባት በፍቅር፣ በልክ፣ ቦታውን መርጦ ያስቀመጠው ነው። ልዩነቱን ልባችሁ ያውቀዋል።

እኛ እኮ እዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ አለን። ሰንበት አናስቀርም። መዝሙሩን በቃል እናውቃለን፣ አሜን የሚባልበትን ቦታ አንስተውም። ሁሉም ነገራችን ጥርት ያለ ነው፤ ማንንም አይረብሽም፣ ማንንም አይነካም። ታዲያ አንድ ቀን የሚያውቀን ጌታ ሕይወታችንን ከፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጠናል። አንድ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት፣ ስድሳ ዓመት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እንደዚያች እናት በለዘበ ድምፅ «ልጄ፣ አንተ የምትገባው መቼ ነው?» ቢለንስ?

ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበርኩ ማለት ያኔ መልስ አይሆንም።

ዛሬ ግን ገና ቀን ነው። የነቀላችሁት ተጠርጎ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አታልቅሱበት። አባታችን የሚቆርጠው ቀበቶ አያጣም። አፍሬብህ ነበር በሉትና ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዷን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አትቸኩሉ፤ እሱም አይቸኩልም።