አላበራም ያለችው የሱረት ማሰሮ

ቀረብ ቀረብ በሉ፣ ተረት አለኝ። «ውሸት ነው» የሚል ካለ ይውጣ፤ ሲወጣ ግን በሩን ይዝጋ፣ በብርድ አትፍጁኝ።

እትዬ የሻረግ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ባሏ ጋሽ ማንያዘዋል ዓይናቸው ደክሞ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ካልሆነ አይታያቸውም። አንድ ቀን ጠረጴዛ ሲዳብሱ ሱረት ነው ብለው ቁንዶ በርበሬ ሳቡ። አቤት ማስነጠስ! የጎረቤት ዶሮ ከቆጡ ወደቀ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ሱረቴን እንኳ ሰው ካላቀበለኝ፣ ምኑን ሰው ሆንኩት?» አሉ።

የሻረግ ይህን ስትሰማ ለሱረታቸው የምታበራ ትንሽ ማሰሮ ልትሠራ ተነሳች። በሰፈራችን አዳራሽ ግቢ ሥምረት የምትባል ልጅ ሸክላ ታስተምራለች። ራኩ ይሉታል፣ የጃፓኖች አተኳኮስ ነው። ሸክላው እንደ መስታወት የሚቀልጥ ቅብ ተቀብቶ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ፍም ሲመስል በጉጠት ወጥቶ ሰጋቱራ ያለበት በርሜል ውስጥ ይከደናል፤ ጭሱ ቀለም ያወጣለታል።

የሻረግ ማሰሮዋን ቀባብታ ምድጃው ውስጥ ከተተች። ወዲያው ክዳኑን ከፈት አድርጋ፣ «በይ አብሪ!» አለቻት።

«አላበራም» አለች ማሰሮ። «ጭስ ሳያቅፈኝ ምኑን አብርቼ!»

የሻረግ ወደ ጭስ ሮጠች። «ጭስ፣ ማሰሮን እቀፋት። ማሰሮ አላበራም አለች፣ የባሌ አፍንጫ በርበሬ ሊስብ ነው!»

«አላቅፍም፤ ሰጋቱራ ሳይወልደኝ?»

«ሰጋቱራ፣ ጭስን ውለደው። ጭስ አላቅፍም አለ፣ ማሰሮ አላበራም አለች፣ የባሌ አፍንጫ በርበሬ ሊስብ ነው!»

«አልወልድም፤ ጉጠት ፍሟን ሳያመጣልኝ?» ሰጋቱራ እንኳ ምጥ አማረው፣ ጉድ እኮ ነው!

«ጉጠት፣ ማሰሮን አንሳት። ሰጋቱራ አልወልድም አለ፣ ጭስ አላቅፍም አለ፣ ማሰሮ አላበራም አለች፣ የባሌ አፍንጫ በርበሬ ሊስብ ነው!»

«አላነሳም፤ እሳት ሳያቀላት?»

«እሳት፣ ማሰሮን አቅላት። ጉጠት አላነሳም አለ፣ ሰጋቱራ አልወልድም አለ፣ ጭስ አላቅፍም አለ፣ ማሰሮ አላበራም አለች፣ የባሌ አፍንጫ በርበሬ ሊስብ ነው!»

እሳት ተቆጣ። «አላቀላም! ሞቅ ባልኩ ቁጥር ትከፍቺኛለሽ። ወጥ መሰልኩሽ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ዕድሜ ልኳን ድስት ከፍታ ስታይ የኖረች ሴት፣ ምን ታድርግ! ሥምረትማ ለምና ደከማት። «እትዬ፣ በእናትዎ ይተዉት!»

«እኔ መቼ ነካሁት፣ እጄ ነው እንጂ!»

እጇን ደግሞ ተቆጣቻት። «አንቺ እጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! እሳት አላቀላም አለ፣ ጉጠት አላነሳም አለ፣ ሰጋቱራ አልወልድም አለ፣ ጭስ አላቅፍም አለ፣ ማሰሮ አላበራም አለች፣ የባሌ አፍንጫ በርበሬ ሊስብ ነው!»

«አላርፍም» አለች እጅ። «የሚይዘኝ ሳላገኝ?»

ጋሽ ማንያዘዋል ከወዲያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሰምተዋል። «የሻረግ፣ ወዲህ ነይ» አሉ። «ሳያዩ መጠበቅን እኔን ጠይቂኝ።» እጇን ያዟት፤ ጥብቅ አድርገው።

ያን ጊዜ እጅ አረፈች። እሳት ማሰሮን አቀላ። ጉጠት አነሳት፤ ኧረ ልጆቼ! የጀንበር ቁራጭ መሰለች፣ ውስጧ ሁሉ ይታያል፣ ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። ሰጋቱራ ጭስን ወለደ፣ ክዳኑ ተከደነ፣ ጭስ ማሰሮን አቀፈ።

ቀዝቅዛ ስትወጣ ከሰል መስላ ነበር። ሥምረት በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ጠረግ አደረገቻት። ወርቅማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፤ የእርግብ አንገት ፀሐይ ላይ አይታችኋል? እንደዚያ።

ሥምረት ማሰሮዋን ይዛ ወደ ጋሽ ማንያዘዋል ልትሄድ ስትል፣ «አታቀብዪኝ!» አሉ ከወዲያ። «ጠረጴዛው ላይ አኑሪያት።»

ተነሱ። መጡ። አልዳበሱም። እጃቸውን ቀጥ አድርገው ዘረጉና ራሳቸው አነሷት።

እኔም ጨረስኩ፤ ተረት ጉሮሮ ያደርቃል፣ በሉ ውሃ አቀብሉኝ።