ቀንበር ያላየው ወይፈን

ተረት አለኝ፤ የላም በረት ያላችሁ አድምጡኝ።

ዳለቻ የሚባል ወይፈን ነበር፤ እግሩ አርፎ አያውቅም። ጌታው ደምለው ሁለቱን ሽማግሌ በሬዎች ጠምዶ ሲያርስ፣ ዳለቻ ከማሳው ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መሬት ይጭራል። ማረስ የማይችል ወይፈን መጨረሻው ቅርጫ እንደሆነ ያውቃል።

አንድ በጋ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቡሬ፣ አዘነለትና «ጌታዬ፣ ይህን ልጅ ከእኔ ጋር ይጥመዱት። አጠገቤ ሆኖ ይለምዳል» አለ።

ደምለው ሳቀ። «ትልሜን ሊያጣምምብኝ? አገር የሚያደንቀኝ እኮ ቀጥ ባለ ትልሜ ነው። ይቆይ።»

«እስከ መቼ ልቆይ ጌታዬ?» አለ ዳለቻ።

«በሬ መሆን ምን ትምህርት ያሻዋል? ጊዜው ሲደርስ ታርሳለህ።»

በክረምቱ አጋማሽ ቡሬ ጭቃ ላይ ወድቆ ሳይነሣ ቀረ። ደምለው ተጣድፎ ዳለቻን ጠመደው። ዳለቻ ቀንበሩ አንገቱን ሲጫነው ደነበረ፤ ጅራፉ ሲጮህ ወዴት ሂድ እንደሚለው አልገባው አለና ሞፈሩን ሰበረው።

«ድሮም ገልቱ ነህ» አለው ደምለው።

በማግሥቱ ወደ ገበያ ነዳው። ከእርድ ከብቶች ጋር አሰረውና «የተገራ በሬ የያዘ አለ?» እያለ መዞር ጀመረ። ዳለቻ አንገቱን አዙሮ አየ። በግራም በቀኝም የታሰሩት እንደ እሱ ቀንበር የማያውቁ ወይፈኖች ናቸው። ጌቶቻቸውም «የተገራ በሬ የያዘ አለ?» እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ተረቴን መልሱ፤ የዳቦውን ነገር ተዉት።