ያልተላከው ምርቃት

አንዲት ሴት ነበረች። ጧሪ ቀባሪ ያጡ አሥራ አራት አረጋውያንን ወንዝ ዳር በተከራየችው ግቢ ሰብስባ ትጦር ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ መለመን ሲያቅታት፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጎረቤቷ "እህቴ፣ ምን እግርሽን ያደክምሻል? ለሚሰጡሽ ሰዎች በስልክ ጻፊላቸው፤ እነሱም በስልክ ይልኩልሻል" አለቻት። ጻፈች። በሳምንቱ ጓዳዋ ሞላ።

ከዚያስ? ለመደችው! ሰኞ "ዘይት አለቀ"፤ ረቡዕ "ሳሙና አለቀ"፤ ቅዳሜ "ምነው ዝም አላችሁ?" ደረሰን የለ፣ እግዜር ይስጥልን የለ።

ግቢው ውስጥ ግን ምርቃት ሞልቶ ነበር። አባባ ወልደየስ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ የሰጪዎቹን ስም ጠዋት ጠዋት እያስነበቡ፣ አንድ በአንድ ይመርቁ ነበር። አንድ ቀን "ልጄ፣ ድምፄን በስልክሽ ቅጂና ላኪላቸው" አሏት። ቀዳችው። መላኩን ግን "ሲመቸኝ" ብላ ተወችው።

ከሰጪዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ደምሰው፣ ከግቢው ማዶ የሚኖሩ፣ የጭነት መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። የሴትዮዋን ቁጥር ስልካቸው ላይ "አምጡ" ብለው መዝግበውታል። አትሳቁ! በእናንተም ስልክ ውስጥ "አምጡ" አለ።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሞላ። ውሃው ደጁን አልፎ አልጋው ሥር ገባ። እነዚያ ሰዎች መራመድ አይችሉም! ሴትዮዋ ለአንዱ ሰጪ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ሌላ ጋ ደወለች፤ ዘጉባት። ጋሽ ደምሰው ስልካቸውን አየት አደረጉና "ዛሬ ደግሞ ምን አለቀ?" ብለው ደፉት።

ጊዜ ነበር ያለቀው፣ ወገኖቼ።

የሰፈር ሰው ደርሶ አሥራ ሦስቱን በጀርባው እያዘለ አወጣ። አባባ ወልደየስ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰው አልደረሰላቸውም።

በቀብሩ ማግስት ሴትዮዋ ያን ድምፅ ላከችው። ጋሽ ደምሰው ከፈቱት። "ደምሰው ልጄ፣ በዓይኔ አላየሁህም። በጨነቀህ ቀን፣ ስትጣራ አቤት የሚልህ አትጣ!" ይላል የሟቹ ድምፅ።

ይህን ስነግራችሁ እኔ ራሴ እፈራለሁ። የእኛ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ባለፈው ወር የላከላችሁን መልእክት ትናንት መለስ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም "አምጡ" ነው። አንድ ምስጋና የለበትም። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንግዲህ እኛ የምንለምነው፣ የተቀበልነውን ምርቃት ሳናደርስ እጃችንን ደግመን አንዘርጋ። እናንተም የምትሰጡ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ስልካችሁን አውጡ። "አምጡ" ያላችሁትን ሰው ፈልጉና ስሙን መልሱለት። ሲደውልም አንሱለት።

ምን እንዳለቀበት አታውቁምና።