ስሷ ጠጠርና የመብረቅ ልጆች

ጆሮ ያለህ ና፤ ጆሮ የሌለህም ና፣ አጠገብህ ያለው ይነግርሃል። በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ሦስት ዘመዳሞች ይኖሩ ነበር፦ አያ ከሰል፣ እሜቴ አልማዝና ስሷ ጠጠር። ዘራቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸውን ግን ተዉት።

አንድ ቀን እመት አይጥ እየጮኸች ገባች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ልጄ እዚህ ዋሻ ውስጥ ጠፋችብኝ፤ እባብም ገብቷል! ብርሃን ስጡኝ!»

አያ ከሰል ደረቱን ነፋ። «እኔ እያለሁ?» አለና ነደደ። ነደደ፣ ጨሰ፣ ዋሻውን በጢስ ሞላው። እመት አይጥ ስትስል፣ እሱ ግማሹ አመድ ሆነና «አጥፉኝ!» ብሎ ጮኸ።

እሜቴ አልማዝ ተጀነነች። «እኔ አበራለሁ። ብቻ መጀመሪያ ፀሐይን አምጡልኝ።»

«ፀሐይማ ቢኖረኝ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ!» አለች እመት አይጥ።

ስሷ ጠጠር ቀስ ብላ «እኔስ?» አለች።

ሁለቱ ከት ብለው ሳቁ። «አንቺማ! ቤትሽ ኮረኮንች! የገባብሽ ሁሉ ይንፏቀቃል!»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ጠጠር። «የሁለት መብረቆች ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከተጫጩ ቆዩ፤ ግን በመዳብ ቤት ወለሉ ለስላሳ ነውና ሲሮጡ ይተላለፋሉ፣ የአልማዝ በር ደግሞ ዝግ ነው። እኔ ቤት መሮጥ የለም፤ ከመጡ ይገናኛሉ። ከተገናኙ ደስታቸው ያበራል።»

እመት አይጥ ሽማግሌ ሆና ወደ መብረቅ ልጆች ሄደች። መጀመሪያ «መንገዱ ያደክማል» አሏት። ሁለተኛ «እናስብበት» አሏት። ሦስተኛ መለመኛ አጣችና እግራቸው ላይ ወድቃ «ልጄን!» አለች። «እሺ» ብለው ተነሡ።

ሙሽራው በጠጠር ቤት አንዱ በር፣ ሙሽሪት በሌላው በር ገቡ። ወደቅ ነሣ፣ ደንቀፍ ደንቀፍ እያሉ መሐል ላይ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አንተ ነህ?»

ተቃቀፉ። ጠጠር ቦግ አለች! ጢስ የለ፣ አመድ የለ። ትንሿ አይጥ የእባቡ አፍንጫ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። እባቡ ዓይኑን ሲያሽ እናትየው ልጇን አንጠልጥላ ወጣች።

«ምን ነዶ ነው?» አለ አያ ከሰል።

«ኧረ ምንም አልነደደ። ሰርግ ነው» አለች ጠጠር።

«ታዲያ እኛን ሳትጠሩ!» ብላ እሜቴ አልማዝ አኮረፈች።

ተረቴ ይኸው። ብትስቁም ባትስቁም ምክሬን ያዙ፦ የሮጠ ይተላለፋል፣ ያዘገመ ይገናኛል።