ሰላምታ የማይመልስ መንደር

አንድ ጎልማሳ ነበር። ጌም ይሠራል። ጌም ስላችሁ ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱትን ነው። እናቶች፣ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ ልጆቻችሁን የወሰደባችሁን ነገር ዛሬ እኔ ለደግ ላውለው ነው።

ጎልማሳው ድርጅት የለው፣ አለቃ የለው። ደብረ ብርሃን ከአባቱና ከእህቱ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ ከሳሎኑ ወዲያ ባለች ጠባብ ክፍል ብቻውን ነው የሚሠራው። ጌሙ አንዲት መንደር ናት። የሚጫወተው ሰው መንገደኛ ይሆንና ይገባባታል። ከሰዉ ጋር ያወራል፣ ሥራ ይቀበላል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ቤቶቹን የሳለው እሱ ነው፣ ዋርካውን እሱ፣ ከዋርካው ሥር የሚቀመጡትንም ሽማግሌዎች እሱ።

ለዚህ ሲል ደህና ሥራ ትቷል። አባቱ አቶ አምሳሉ ግን አልተቆጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላየሁትን አልመርቅም።

ምርቃት ቢቀርስ ትሉ ይሆን? አትሉም። ሱቅ ሲከፍት፣ ፈተና ሲቀመጥ፣ መንገድ ሲሄድ ከእናት ከአባቱ ጉልበት ላይ ያልወደቀ እዚህ ማን አለ? ጎልማሳውም ጌሙን ለሰው ከማውጣቱ በፊት ያቺን ምርቃት ፈለገ። ያለሷ ማውጣት አልሆንልህ አለው።

ችግሩ የአቶ አምሳሉ ዓይን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ አዩና፣ ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው የሚታየኝ ብለው ተመለሱ።

ያኔ ነው ልጁ ቪአር ያሰበው። ቪአር ማለት ዓይን ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር ነው። እሱን ስታደርጉ ጌሙን ከውጭ አታዩትም፤ ውስጡ ትገባላችሁ። ቀና ስትሉ ሰማይ፣ ዞር ስትሉ ከኋላችሁ አጥር። አባባ ማየት ካቃታቸው ይግቡባት አለ።

ማለት ቀላል ነው። ከላይ ሆኖ የሠራትን መንደር ሰው ሊገባባት ነው ሲባል ጉዷ ወጣ። ቤቶቹ ጀርባ የላቸውም። በሮቹ ግንባር ይመታሉ። እህቱ እቴነሽ መነጽሩን ስትሞክርለት ዋርካው ይወዛወዝና ያዞራታል፤ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። አንድ ቀን ከጓሮ ተመልሳ «ወንድሜ፣ መንደርህን እኔ ወድጃታለሁ፤ ምሳዬ ግን አልወደዳትም» አለችው።

ለቤቶቹ ጀርባ ሠራ። በሮቹን ከፍ አደረገ። ዋርካውን አረጋጋ። ክረምቱ በዚህ አለቀ። ጆሮውን በማዳመጫ እንደደፈነ ጠዋት ሳሎኑን አቋርጦ ይገባል፣ ለምግብ ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቱን ሳሎኑ መሐል አቆመና መነጽሩን አሰረላቸው፤ ቁልፍ ያላትን መቆጣጠሪያም እጃቸው ላይ አስያዛቸው።

አቶ አምሳሉ ቀስ ብለው ዞሩ። ዋርካውን ሽቅብ አዩት። ከዚያ ከሥሩ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሲያዩ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? እናንተስ ብትሆኑ? መነጽሩ እንዲታሰር ባርኔጣቸውን አስቀድመው አውልቀዋል፤ እጃቸው ግን ልታወልቅ ወደ ራሳቸው ሄደች። ጎንበስ አሉና «እንደምን ዋላችሁ» አሉ።

ማንም አልመለሰም።

አልሰሙኝ ይሆናል ብለው ነው መሰል ጠጋ አሉ፤ እንደገና ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ደህና ናችሁ ወይ አሉ። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት እንዳፈጠጡ ናቸው።

«አባባ፣ እጅዎ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑት» አለ ጎልማሳው። «ያኔ ያናግሩዎታል።»

«ለሰላምታ ነው ቁልፉ?»

«ለሰላምታ እንኳን አይደለም። ሰላምታውን አውጥቼዋለሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ነው የሚገቡት።»

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሲሠራት የመንደሯ ሰው እንደኛው ነበር፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናሙ ሳይጠየቅ ወሬ አይጀምርም። ጌሙን የሞከሩለት ጓደኞቹ ግን ሰላምታው ረዘመብን፣ ዝለልልን አሉት። ዘለለላቸው።

አቶ አምሳሉ መነጽሩን አወለቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «ቤቱ ያምራል» አሉ። «ዛፉም ዛፍ ነው። ሰው ግን የለበትም። ሰው የሌለበትን አገር ምን ብዬ ልመርቅ?» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ጎልማሳው ተናደደ። ለእቴነሽ፣ ሰው ለሥዕል ሰላም ይላል እንዴ እያለ አማረረላት። እሷም፣ አባባ የሚገባውን አድርገዋል፤ ያልመለሰው ያንተ ሥዕል ነው አለችው። ንዴቱ ሲበርድለት ገባው። መነጽሩ እኮ የሰው ራስ ዝቅ ሲል ያውቃል። ሰው ጎንበስ ሲል ሽማግሌዎቹ እንዲነሡለት ማድረግ ይቻላል። ግን ሰው ሲነሣ እንዴት ነው የሚነሣው? እጁ ምን ይደገፋል? ጉልበቱ ይቀድማል ወይስ ደረቱ? ይህን ለመሳል የሚነሣ ሰው ማየት አለበት።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ማዳመጫውን ትቶ፣ እንግዳ ሲመጣ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ሊያይ ወደ ሳሎን ገባ።

ገና እግሩ ሲገባ አባቱ ከወንበራቸው ከፍ አሉ። በሁለት እጃቸው ወንበሩን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ። «ኖር» አሉ።

ጎልማሳው እንግዳ መጥቶ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

ኖር የሚባለው ለትልቅ ነው፣ አባት ለልጁ አይልም ትሉኛላችሁ። እኔም የማውቀው እንደናንተ ነው። አቶ አምሳሉ ግን የሾፌር አመል አለባቸው። አውቶቡሳቸው ላይ የሚሳፈረውን ሁሉ፣ ሕፃን ይሁን ባልቴት፣ መሪ ይዘው መቆም ስለማይችሉ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው ኖር ይሉት ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ አመሉ አብሯቸው ወረደ።

«ለእኔ ነው?» አለ ጎልማሳው።

የመለሰችለት እቴነሽ ናት። «ሁልጊዜ ይሉሃል። ክረምቱን ሙሉ ሲሉህ ነው የከረሙት። አንተ ጆሮህን ደፍነህ ታልፋለህ።»

አያችሁልኝ? ሰላምታ የማይመልስ ሰው እንዲያ አሳምሮ የሳለው ከየት አምጥቶ እንደሆነ አያችሁልኝ?

ምን ይበል? ሰበብ ይደርድር? ለኖር ያለው መልስ አንድ ነው። «በእግዜር» አለ። «በእግዜር፣ አባባ፤ ይቀመጡ።» ሮጦ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። ያን ቀን ወደ ሥራ ክፍሉ አልገባም። ስለ መንገድ፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ምኑም ሲያወሩ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ሠራው። አቶ አምሳሉ ዳግመኛ መነጽሩን ባሰሩ ዕለት፣ ከዋርካው ሥር ጎንበስ ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን መደብ በእጃቸው ተደግፈው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ከፍ አሉ። ኖር አሉ። ጠጋ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁላቸው።

«በእግዜር» አሉ አቶ አምሳሉ፤ ሊቀመጡም ወረዱ። ወገኖቼ፣ መደቡ እኮ የለም። ያለው ሲሚንቶ ነው። ጎልማሳው ወንበር አንሥቶ ከሥራቸው ባያስገባላቸው ኖሮ ምሳሌዬ ሐኪም ቤት ያልቅ ነበር።

ተቀመጡ። እዚያው መነጽሩ ውስጥ ሆነው፣ ለዋርካው ሽማግሌዎች እንደሚያወሩ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «እናንተን የሠራ ልጄ እጁ አይዛል። የነካው ይለምልም። ብድግ የሚልለት ሰው አይጣ» አሉ። ጎልማሳው ከጀርባቸው ነበር፤ አላዩትም። እሱ ግን ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ አሜን አሜን ይል ነበር።

እንግዲህ ወደናንተ ልምጣ። ማናችን ነን የማንዘልለው? ጠዋት ለጸሎት እንቆማለን፤ ቆመን ምን እንላለን? ስጠኝ፣ አውጣኝ፣ አሳልፈኝ፣ አሜን። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ገና ዓይናችን ሲገለጥ ማን ቀድሞ ሰላም እንዳለን ጠይቀናል? ትልቁ ለትንሹ ሲነሣ ሰምተናል? ብድግ ብሎ የሚጠብቀን ጌታ፣ ጆሯችን እስኪከፈት ስንት ክረምት ይቁም?

እሱን ሰማሁ የሚል ደግሞ ሰውን ይሰማል። ዛሬ ስትገቡ በሩ ላይ የግቢያችን ጥበቃ ነበሩ፤ ካፖርታቸውን እየሰበሰቡ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ያሳለፏችሁ አረጋዊ። ሁልጊዜ ብድግ ይላሉ። ስማቸውን የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አንሡ።

ጣሪያውን አትዩ፤ እዚያ አልተጻፈም። ወደኔም አትዩ፤ አልነግራችሁም። ስትወጡ ቆም በሉና እሳቸውን ጠይቁ።