የክብር እንግዳው ያልደረሱበት ውድድር

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለበትን ረጅም ውድድር በንግግር እንዲያስጀምሩ የተጋበዙት የክብር እንግዳ ሐይቁ ዳር የደረሱት አሸናፊው እየተንገዳገደ ሪባኑን ሲበጥስ ነበር። ከመኪናቸው ወርደው፣ «ያለ እኔ ማን አስጀመረው? ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሱ፤ ንግግሬን አድርጌ እንደገና አስጀምራለሁ!» አሉ።

አዘጋጆቹ ተርበተበቱ፤ «ኧረ አይሆንም» የሚል ጠፋ። ከማለዳ ጀምራ ስታጨበጭብ የዋለች አንዲት ዓሣ ሻጭ ግን ከተመልካቹ መሃል ብቅ አለች።

«ደግ ብለዋል ጌታዬ፣ ይጀመር። ብቻ ይሄ ልጅ ዋኝቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ በእግሩም ሮጦ በመኪና የመጡትን እርስዎን ቀድሞዎታል። እንግዲህ መኪናዎን እዚሁ ይተዉና አብረዋቸው ውሃ ይግቡ፤ ምናልባት ለሚቀጥለው ንግግርዎ በሰዓቱ ይደርሱ ይሆናል።»